ሞተረኞች፣ የሳይክሉን መስመር ለሳይክሉ ተዉ

ድሬዳዋ ውስጥ ሞተር ሳይክል መንዳት አስተምራለሁ። ጀማሪዎችን እወዳቸዋለሁ። ሚዛን ቶሎ ይይዛሉ፤ ማርሽና ፍሪሲዮንም ብዙ አያስቸግሯቸውም። የሚያሳስበኝ መንጃ ፈቃድ ከያዙ በኋላ የሚያመጡት አመል ነው። መኪና ተደርድሮ ሲያዩ መታገስ ያቅታቸዋል። በመሃል ይሾልካሉ፤ መሃሉ ሲጠብም ወደ ሳይክል መስመሩ ይገባሉ።

«ውጭ አገር እኮ ይፈቀዳል» ይሉኛል፤ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ አይተዋል። እውነት ነው፣ ካሊፎርኒያ መሹለክን የሚፈቅድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 አጽድቃ በ2017 ሥራ ላይ አውላለች። ዩታም በ2019 ፈቅዳለች። ቪዲዮው የማያሳየው ቅድመ ሁኔታውን ነው። ዩታ ውስጥ መኪኖቹ መቆም አለባቸው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቢያንስ ሁለት ረድፎች መኖር አለባቸው፤ የሞተሩ ፍጥነትም በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር ገደማ አይበልጥም። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ ጣሪያው 30 ኪሎ ሜትር ነው። ጀማሪ ፈቃድ የያዘ ሰው እዚያ መሹለክ አይችልም። በመንገዱ ጠርዝ በኩል ወይም ከቆመ መኪና ጎን መሹለክም ክልክል ነው። የተፈቀደው በመኪና ረድፎች መካከል፣ ያውም በዝግታ ብቻ ነው። ደግሞስ የሌላ አገር ሕግ እዚህ ምን ያደርግልሃል? እኛ የምንዳኘው በራሳችን የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ሲያስቆምህ ካሊፎርኒያን ብትጠቅስለት አይሰማህም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በኮሪደር ልማቱ ለሳይክል መንገድ ሲለይ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከተማችን ሜዳ ነች። ሳይክል ድሮም ይሆናታል። ልጆች በሳይክል ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ አባወራው ከፊራ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ታዲያ ሞተረኛው ከኋላ «ጢጥ» እያለ ሲገባባቸው ምን ያድርጉ? የት ይሂዱ? በግራ መኪና፣ በቀኝ እግረኛ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሳይክሉ በሰዓት 15፣ አንተ በ45 ብትሄድ በእያንዳንዱ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ትጠጋዋለህ። እሱ ደግሞ ስፖኪዮ የለውም። ጉድጓድ ወይም አሸዋ ሲያይ ሳያስበው ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ይላል። የሞተርህ መሪ ብቻውን 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሱ 60 ገደማ። መስመሩ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን በመካከላችሁ የምትቀረው 10 ሴንቲ ሜትር ናት። አቦ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር የሰው ልጅ ይታለፋል?

ባጃጁንም አትርሳ። ተሳፋሪ እጁን ካነሳለት ፍሬቻ አሳየም አላሳየም ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። በቀኙ በኩል በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ሞተር ይኖራል ብሎ አይጠብቅም። ያስተማርኩት አንድ ልጅ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሲመጣ ቀኝ ጥጉን ይዞ ይበር ነበር። ባጃጅ ገባበት። እሱን ሲሸሽ ከፊቱ በሳይክል ይሄድ የነበረውን ተማሪ መታው። ሞተረኛው ጉልበቱ ተላጠ። የሳይክል ነጂው ልጅ ክንድ ግን ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ እናቱን ሳያት የምላት ጠፋኝ። ልጇ የራሱ መንገድ ላይ ነበር፤ ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምላቸው አጭር ነው። መኪናው ከቆመ አንተም ከኋላው ቁም። መቅደም ካለብህ በግራ ነው፣ ፊት ለፊቱ ክፍት መሆኑን አይተህ።

የመሃል መስመሩን ይዞ መሄድም መሹለክ እየተባለ ይጠራል። አይደለም። አንድ ወዲህ አንድ ወዲያ በሚሄድበት መንገድ መሃሉን ከያዝክ ከፊት ከሚመጣው ጋር ትጋጠማለህ። በተለይ ወደ ሐረር በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ደንገጎ ላይ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ጫት የጫነ አይሱዙ ሊኖር ይችላል። እዚያ መሃል አትያዝ።

ክላክስ ቅድሚያ አይሰጥህም።

ሙቀቱን ሰበብ አድርጎ ሄልሜቱን ክንድ ላይ ማንጠልጠል ሌላው ነው። የምትሄደው እዚሁ እስከ ነምበር ዋን ሰፈር ቢሆንም አጥልቀው፤ ማሰሪያውንም እሰር።

ዝናብ ሲጥል ጎርፉ አሸዋ አስፋልት ላይ ያወርዳል። ከደረቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ ጥጉ ላይ ተከማችቶ ይቀራል፤ ጥጉን የሚይዘውም ሳይክሉ ነው። ሳይክል ነጂው እሱን ሸሽቶ ወደ አንተ ሲመጣ አትቆጣ፤ ቀድመህ ፍጥነት ቀንስና ቦታ ስጠው። አንተም አሸዋው ላይ ከገባህ የፊት ፍሬን ድንገት አትያዝ። ነዳጅ መስጠት አቁም፣ መሪውን ቀጥ አድርግ፣ የኋላውን በቀስታ ተጠቀም።

ሳይክል ነጂ ከነካህ ደግሞ ጥለህ እንዳትሄድ። ሞተሩን አጥፋ፣ ከኋላ የሚመጣውን አስቁም፣ የወደቀውን በክንዱ ጎትተህ አታንሳ፤ አምቡላንስና ፖሊስ ጥራ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ የሆነው ለእንደዚህ ዓይነቱ ጉዳት ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ወረቀትህን አውጣና ጊዜው አልፎ እንደሆነ እይ።