ነጥብ ሦስት ምን አላት? የመሬት መንቀጥቀጥን ቁጥር እንዴት እናንብብ

በ2017 ዓ.ም አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት አልረጋ ባለችበት ሰሞን፣ እዚህ ጎንደር የቡና ወሬው ሁሉ ቁጥር ነበር። ታኅሣሥ 26 ሌሊት 5.7፣ የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0። አንዷ ጎረቤታችን ስኒዋን እያስቀመጠች «ኧረ ነጥብ ሦስት ምን አላት!» አለች። መልስ አጣሁ። ማታ ስልኬ ላይ ሳሰላው ግን ነጥብ ሦስቷ ጉደኛ ሆና ተገኘች።

መጀመሪያ፣ ቁጥሩን እንደ ብር አትቁጠሩት። አንድ ሙሉ ቁጥር በጨመረ ቁጥር መንቀጥቀጡን በሚመዘግበው መሣሪያ ላይ የሚታየው የሞገድ ከፍታ 10 እጥፍ ይሆናል። የሚለቀቀው ኃይል ግን 32 እጥፍ ገደማ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ያምታታል።

ቀጥሎ፣ በስኒ ስፈሩት። የ5.0ን ኃይል አንድ የቡና ስኒ በሉት። 6.0 ማለት 32 ስኒ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቢጠራ ይበቃል። 7.0 ወደ 1000 ስኒ ይደርሳል። ይሄ በኛ ሰፈር ቋንቋ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው፤ ውኃ ወረፋ የጠበቀ ያውቀዋል። በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ትልቁ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ቺሊን የመታው 9.5 ነበር። እሱን ለመስፈር ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ 45 ጊዜ ያህል መመላለስ አለበት።

ለነጥብ ልዩነት ካልኩሌተር አውጡ። ትንሹን ከትልቁ ቀንሱ፤ 6.0 ሲቀነስ 5.7፣ 0.3። በ1.5 አባዙት፤ 0.45። ከዚያ 10 ብላችሁ የፓወር ምልክቷን ተጫኑና 0.45 አስገቡ። 2.8 ይመጣል። የየካቲቱ ከታኅሣሡ ሦስት እጥፍ ለጥቂት ነው የቀረው። ካልኩሌተር ከሌለ፣ ነጥብ ሁለት ልዩነት ኃይሉን እጥፍ ያደርገዋል ብላችሁ ያዙ።

ስለ ስሙ ባጭሩ፦ ዜናው «በሬክተር ስኬል» ይበል እንጂ፣ ቻርልስ ሪክተር በ1935 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ለትልልቆቹ አይሆንም። ዛሬ የሚሠራበት ሞመንት ማግኒቲዩድ ነው። የተሰነጠቀውን ዐለት ስፋት፣ የተንሸራተተበትን ርቀትና የዐለቱን ጥንካሬ አባዝቶ ነው የሚነሣው።

በመጨረሻ፣ ቁጥሩንና ንዝረቱን ለዩ። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ አጠገብ የሚመታው ከበሮ አንድ ነው። እዚያው የቆመ ደረቱ ውስጥ ይሰማዋል፤ አራዳ ያለው ጆሮውን ማቅናት አለበት። ማግኒቲዩድ፣ ማለትም ዜና ላይ የምንሰማው ቁጥር፣ የከበሮው ምት ነው፤ ለአንድ መንቀጥቀጥ አንድ ነው። እናንተ ጋ የሚደርሰው ግን እንደ ርቀቱ፣ እንደ ጥልቀቱና እንደ አፈሩ ይለያያል። በሌላ መለኪያ፣ በመርካሊ፣ ከI እስከ XII የሚሰፈረውም ይኸው ነው፤ የሚታየው ሰው የተሰማውና ሕንፃ የደረሰበት ጉዳት ነው።

በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ የኢያሱን ግንብ ሲጎዳው ቁጥሩን የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። ግንቡ የሚመሰክረው ጎንደር ላይ የደረሰውን ንዝረት ነው። ከርቀት የመጣ ትልቅ ይሁን ከቅርብ የተነሣ ትንሽ፣ ድንጋዩ ብቻውን አይለየውም።