የደረቀ ጋስኬት ሞተሩን ሳይጭሩ ማስለቀቅ

ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ብስክሌት ጋራዣችን ሲገባ መጀመሪያ የማየው የፈሰሰውን ዘይት አይደለም፤ የክዳኑን ጠርዝ ነው። ጠርዙ በካቻቪቴ ከተቦረቦረ የችግሩን ምንጭ ሩቅ ሄጄ አልፈልግም። ከኩታበር፣ ከሐይቅና ከወረኢሉ ወደ ደሴ የሚመጡ ብዙ ቦክሰሮችና አሮጌ ያማሃዎች ዘይት የሚያፈሱት መንገዱ ጎድቷቸው ሳይሆን ከዚህ በፊት የከፈታቸው ሰው አሮጌውን ጋስኬት፣ ማለትም ዘይት እንዳያፈስ በክዳኑና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ስስ ወረቀት፣ ሲፍቅ ስለቸኮለ ነው።

አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር አለ፦ ጋስኬቱ የሚጣል ዕቃ ነው፣ የሚያርፍበት ገጽ ግን የሞተሩ አካል ነው። አዲስ ጋስኬት ከመለዋወጫ መደብር ይገዛል። የተቦረቦረ ገጽ ግን ወይ ብረት ወደሚስተካከልበት ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ወይ ዕድሜውን ሙሉ ሲሊኮን እየተለበጠበት ይኖራል።

ጋስኬቱን ከብረቱ ጋር አጣብቆ የሚያደርቀው ሙቀት ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ በኩል ደሴ የሚገባ ሞተር በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከኋላ ሰውና ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ ሲያቃስት ብረቱ ይግላል፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ ይቀዘቅዛል። ይህ መፈራረቅ በዓመታት ውስጥ ወረቀቱን ከአሉሚኒየሙ ጋር አንድ ያደርገዋል። በላዩ ሲሊኮን ተቀብቶበት ከሆነ ደግሞ ሥራው እጥፍ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚከፈተው የፍሪሲዮን ክዳን ስለሆነ በእርሱ ላሳያችሁ። ሞተሩን ከውጭ እጠቡት፤ አቧራና ጭቃ ይዞ የተከፈተ ሞተር በኋላ ያስከፍላል። ዘይቱን አፍስሱ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትታችሁ አትጨርሱ፤ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ አላሉ። ርዝመታቸው አንድ ዓይነት አይደለምና የካርቶን ቁራጭ ላይ የክዳኑን ቅርጽ ንደፉ፤ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ልክ ካርቶኑን ወግታችሁ ሰኩት። ረጅም ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ቀዳዳው ግርጌ ላይ ይቆምና ክዳኑን ሳያጠብቅ ይቀራል፤ በኃይል ከተገፋም ጥርሱን ይበላል ወይም ብረቱን ይሰነጥቃል።

ክዳኑ አልላቀቅ ሲል ቆም በሉና ብሎኖቹን እንደገና ቁጠሩ። በጭቃ የተሸፈነ አንድ ብሎን ሳይፈታ ቀርቶ ክዳን የተሰበረበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁሉም ከወጡ በጎማ መዶሻ፣ ከሌለም በእንጨት ቁራጭ ላይ በተራ መዶሻ፣ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱ። ብዙ ክዳኖች ከጠርዛቸው ወጣ ያለ ጆሮ አላቸው፤ መምታትም ሆነ መፈልቀቅ በዚያ ብቻ ነው። በሁለቱ ገጾች መካከል ካቻቪቴ አይገባም።

ከተከፈተ በኋላ ክዳኑን ከሞተሩ ጋር የሚያስተካክሉትን ትናንሽ ክብ ፒኖች አውጥታችሁ አስቀምጡ። ሞተሩ ሆድ ውስጥ ምንም እንዳይገባ ክፍቱን በንጹህ ጨርቅ ድፈኑ፤ በትናንሾቹ የዘይት ቀዳዳዎች ላይ ግራሶ ቀቡ። የጋስኬቱ ፍርፋሪ ሲወድቅ ግራሶው ይይዘዋል፣ በኋላም ከነቆሻሻው ተጠርጎ ይወጣል። ስንት ጨርቅ እንዳስገባችሁ ጻፉ፤ ስትጨርሱ ያን ያህል መውጣት አለበት።

አሁን ወደ ጋስኬቱ። ደረቁን መፋቅ አትጀምሩ። ምጣድ ላይ ተይዞ የቀረን እንጀራ በብረት የሚፍቅ የለም፣ ምጣዱን ያበላሻል፤ አሉሚኒየም ደግሞ ከብረት መፋቂያ እጅግ የለሰለሰ ነው። ቀለም የሚያሟሟው ፈሳሽ አሴቶን ይሠራል፤ የተሻለው ግን ከቀለም መሸጫ የሚገኘው እንደ ቅባት የወፈረ የቀለም ማስለቀቂያ ነው፣ ምክንያቱም ቆሞ ባለ ገጽ ላይም አይፈስም። ጋስኬቱ ላይ ብቻ በትንሽ ብሩሽ ቀቡት። አሴቶን ከሆነ ቀጭን ጨርቅ አርሳችሁ ጋስኬቱ ላይ አስተኙና በላዩ ፌስታል ሸፍኑበት፤ ካልተሸፈነ፣ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ሥራውን ሳይጀምር ተንኖ ያልቃል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆይ። ሁለቱም ቀለምን፣ ጎማንና ፕላስቲክን ይበላሉና የዘይት ማኅተም ጎማዎችን አታስነኩ። ጓንቲና መነጽር አድርጉ፤ የቀለም ማስለቀቂያ ቆዳ ያቃጥላል። በር ክፈቱ።

ስለ እሳት በተለይ ልናገር። ደሴ ብርድ ናት፤ በክረምት ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ከሰል አያይዞ መሥራት የተለመደ ነው። አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየሄደ ምድጃውን ያገኘዋል። ቤንዚን የባሰ ነው። ከሰል ባለበት ክፍል እነዚህ ጠርሙሶች አይከፈቱ፣ ሲጋራም አይለኮስ።

ለመፋቂያ እኔ የምወደው ወይራ ነው። የደረቀ የወይራ እንጨት እንደ መሮ ጫፉን አሹሉ፤ ጠንካራ ስለሆነ የራሰውን ጋስኬት ይገፋል፣ አሉሚኒየሙን ግን አይጭርም። ጫፉ ሲደንዝ በቢላ ታድሱታላችሁ። ከነሐስ የተሠራ መፋቂያም ጥሩ ነው። ገጹ ላይ ሊተኛ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙትና ወደፊት ግፉ፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጫፉ ይነክሳል። ጋስኬቱ በደህና ከራሰ ረጅም ቁራጭ እየሆነ ይነሳል። አቧራ እየሆነ ከተፈረፈረ አልራሰም ማለት ነውና ደግማችሁ ቀቡት፣ ደግማችሁ ጠብቁ። ሦስት ጊዜ መቀባት ቢያስፈልግም ይቀባል። መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ስስ ጥላ ብቻ፣ በዘይት በራሰ ገጽ ላይ፣ ምላጭ አስተኝቶ ማንሳት ይቻላል፤ የምላጩ ጥግ ግን ገጹን መንካት የለበትም።

ሲሊኮን ለብቻው ነው። የደረቀ ሲሊኮን በአሴቶን አይሟሟም። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ሰዓት አስተኙበት፤ ያብጥና ይለሰልሳል፣ ከዚያ በወይራው ወይም በጣት እየተንከባለለ ይወጣል።

ግራይንደር ላይ የሚገጠም ማለስለሻ የሚጠቀሙ አሉ፤ ቶሎ ያጸዳል፣ ገጹም ያበራል። እኔ ግን አልፈቅድም። ማለስለሻው ገጹን እኩል አይበላም፣ እዚህና እዚያ ያጎደጉዳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሚረግፈው ዱቄት ነው፦ ከዘይቱ ጋር ገብቶ ኩሽኔታና ፒስቶን ይፈጫል። ጀነራል ሞተርስ ለመካኒኮቹ ባወጣው ማሳሰቢያ ይህንኑ ዓይነት ማጽጃ በሞተር ላይ እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። ያ ለመኪና የተጻፈ ቢሆንም የሞተር ብስክሌት ኩሽኔታም ከዚያ የተለየ አይደለም።

በ1980ዎቹ የተሠሩ አሮጌ ሞተሮች ላይ ጋስኬቱ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ዱቄቱ ሳንባ ይጎዳልና ሁልጊዜ እርጥብ አድርጋችሁ ሥሩ፤ በኮምፕረሰር አትንፉት፣ ቁራጩንም በፌስታል አስራችሁ ጣሉ።

የቴስታታ (ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) ጋስኬት ከተነባበረ የብረት ላሜራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሙሉው ይነሳል፤ ዙሪያው ያለውን ጥላሸት ብቻ ታጸዳላችሁ። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የመዳብ ቀለበት አንዴ ከተጨመቀ በኋላ አያገለግልምና በአዲስ ይተካ።

ገጹ ንጹህ ሲመስል ዓይናችሁን አትመኑ። በጥፍራችሁ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ሂዱ፤ ዓይን ያላየውን ቅሪት ጥፍር ይይዘዋል። የተነቀለውን ክዳን በወፍራም የመስታወት ቁራጭ ላይ ደፍታችሁ ጥግ ጥጉን በጣት ተጫኑ፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተጣሟል። ለቴስታታ ትክክለኛ ማስመሪያና የክፍተት መለኪያ ያስፈልጋል፤ ብዙ የአምራች መመሪያዎች የሚፈቅዱት ጥመት 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ቶርኖ ቤት።

ጨርቁንና ግራሶውን አውጡ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን አድርቁ፣ ገጹን በአሴቶን በራሰ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ ፒኖቹን መልሱ። አዲሱ የወረቀት ጋስኬት በንጹህና ደረቅ ገጽ ላይ ሲሊኮን አይፈልግም። በክዳኑ በኩል ስስ ግራሶ ብትቀቡት በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ትግል ይነሳል። የቴስታታ ጋስኬት ላይ ግን ምንም አይቀባም። ስድስት ሚሊሜትር የሆኑትን የክዳን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ወደ 10 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፤ መለኪያ ያለው ቁልፍ ከሌላችሁ አጭር ቁልፍ ያዙ፣ ማራዘሚያ ቱቦ አትጨምሩ።

ዘይት ሞልታችሁ ሞተሩን አሙቁት፣ አጥፍታችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ በመገጣጠሚያው ሥር ነጭ ወረቀት አሳልፉ። ወረቀቱ ዘይት ከነካ ብሎኑን ደጋግሞ ማጥበቅ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ከመብላት በቀር አይረዳም፤ ክዳኑን እንደገና ክፈቱና የቀረውን ቅሪት ፈልጉ።