ዛጎሎቹ ሁሉ ጎረቤታሞች አልነበሩም፦ የጥንት ባሕርን ከድንጋይ ስናነብ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

ዛሬ ዌልስና ከእሷ የሚዋሰነው የእንግሊዝ ክፍል በሚገኙበት አካባቢ፣ ከ430 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ በሲሉሪያን ዘመን፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። አልፍሬድ ዚግለር በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የዚያን ባሕር ብራኪዮፖዶች (ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል ያላቸው፣ ከሞለስኮች ግን የተለዩ የባሕር እንስሳት) ከዳርቻው ወደ ጥልቁ በአምስት ማኅበረሰቦች ከፍሎ አስቀመጠ፦ ሊንጉላ፣ ኢዮሴሊያ፣ ፔንታሜረስ፣ ስትሪክላንዲያና ክሎሪንዳ። ስሞቹ በየቀበቶው ጎልተው ከሚታዩት ዛጎሎች የተወሰዱ ናቸው። ሐሳቡ እጅግ ያማረ ስለነበር ብዙ ተከታይ አፈራ። ያማረ ሐሳብ ግን ያስቸኩላል። ዛጎል የሞላበት ድንጋይ ያገኘ ሰው ገና መዶሻውን መሬት ሳያስቀምጥ «ማኅበረሰብ አገኘሁ» ይላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ከዚህ ችኮላ የሚወለዱ ናቸው።

መቃብሩን መንደር ማድረግ

ካርል ሞቢየስ የተባለው ጀርመናዊ በ1877 ኦይስተር ስለተባሉት ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳት መደቦች ሲጽፍ፣ አብረው የሚኖሩና አንዱ በሌላው ላይ የተመሠረቱ ሕያዋንን አንድ ላይ የሚጠራበት ቃል ፈጠረ። እሱ ያየው በሕይወት ያሉትን ነው። እኛ በድንጋይ ውስጥ የምናገኘው ግን መንደሩን ሳይሆን መቃብሩን ነው፤ ያውም ጎርፍ የገባበት መቃብር። እንስሳው ከሞተ በኋላ ማዕበል ዛጎሉን ያነሳዋል፣ ያንከባልለዋል፣ ከማያውቃቸው ዛጎሎች ጋር ያከማቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እነማን አብረው ኖሩ?» ሳይሆን «እያንዳንዱ ዛጎል እዚህ እንዴት ደረሰ?» የሚል መሆን አለበት።

መልሱን ድንጋዩ ራሱ ይሰጣል፣ ጠያቂ ካገኘ። እያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ክዳን ካለው፣ የሁለቱ ክዳኖች ቁጥር መቀራረብ ይኖርበታል። አንደኛው ዓይነት በብዛት ተገኝቶ ሌላኛው ከጠፋ፣ ውኃ መርጦ ወስዷል ማለት ነው። ሁሉም ዛጎሎች አንድ መጠን ካላቸውና ሕፃናቱ የሉበትም ከሆነም ነገሩ ያጠራጥራል። አተኛኘታቸውም ይናገራል። በወለሉ ላይ የሚሄድ የውኃ ፍሰት የተነጠለ ክዳንን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ይገለብጠዋል፤ እንዲህ ሲሆን ፍሰቱ በቀላሉ አያነሳውም። ከላይ በውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ የወረደ ክዳን ደግሞ እንደ ሳህን አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ማረፍ ይቀናዋል። በተቃራኒው ሊንጉላ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ቀጥ ብላ እንደቆመች ከተገኘች፣ ፔንታሜረስም ከባዱን አፍንጫውን ወደ ታች ተክሎ ከተገኘ፣ ያ ዛጎል በእርግጥ በኖረበት ቦታ አለ። እንዲህ ያለውን ማስረጃ አለት ሳይፈነቀል በፊት መመዝገብ ያስፈልጋል። ድንጋዩ በከረጢት ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላ የትኛው ጎን ላይ እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። እኔም ይህን የተማርኩት አንድ ከረጢት ሙሉ ድንጋይ ከንቱ ካደረግሁ በኋላ ነው።

የተዘጋ ዛጎል ሁሉ በድንገት ተቀበረ ብሎ መደምደም

ይህ ስህተት ብልህ ሰዎችን የሚያጠምድ ነው። ኦይስተርን የመሳሰሉ ሁለት ክዳን ያላቸው ሞለስኮች (ቀንድ አውጣም የሚመደብበት የእንስሳት ወገን) በማጠፊያቸው ላይ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራ ጅማት አላቸው። ክዳኑን ዘግቶ የሚይዘው ጡንቻ ነው፤ እንስሳው ሲሞት ጡንቻው ይላላና ጅማቱ ክዳኑን ይበረግደዋል። ስለዚህ ተዘግቶ የተገኘ ሞለስክ ሳይበረገድ ደለል እንደጫነው መገመት ይቻላል። አብዛኞቹ ብራኪዮፖዶች ግን ለመክፈትም ለመዝጋትም ጡንቻ ይጠቀማሉ። ሲሞቱ የሚከፍታቸው ነገር የለም፤ ክዳኖቻቸውም በጥርስና በሶኬት ስለተያያዙ ተዘግተው ሊቆዩ ይችላሉ። አንድ ዓይነት የተዘጋ ዛጎል በአንደኛው ወገን ጠንካራ ምስክር ሲሆን በሌላው ወገን ደካማ ምስክር ነው። የሁለቱን ወገኖች መቶኛ በአንድ ሠንጠረዥ ደምሮ «ፈጣን ቀብር» ብሎ መጻፍ ትርጉም የለውም።

ሁለቱን ወገኖች መለየት የማይችል ሰው እዚህ ላይ መጀመሪያውኑ ይሰናከላል። በጥቅሉ ብራኪዮፖድን እኩል ለሁለት የሚያካፍለው መስመር በእያንዳንዱ ክዳን መሐል ያልፋል፤ ሁለቱ ክዳኖች ግን እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። በአብዛኞቹ ባለ ሁለት ክዳን ሞለስኮች መስመሩ በሁለቱ ክዳኖች መካከል ያልፋል። ኦይስተሮች ይህን ደንብ አያከብሩም፤ ስለዚህ ደንቡን ይዘው ዓይንዎን አይጨፍኑ።

አንድ ንብርብርን እንደ አንድ ቀን ማየት

የእጅ መዳፍ ውፍረት ያለው የዛጎል ንብርብር የአንድ ወቅት ፎቶግራፍ ይመስላል። ዛሬ ባሉት ባሕሮች ወለል ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ዛጎሎች ዕድሜያቸው ሲለካ ግን በመካከላቸው በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይገኛሉ። ደለል ቀስ ብሎ በሚከማችበትና ቆፋሪ እንስሳት በሚያገላብጡት ቦታ ቅድመ አያትና የልጅ ልጅ ልጅ በአንድ መደብ ይተኛሉ።

ይህ ነገር ጉድለት ብቻ አይደለም። በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ባሕር ወለል ላይ የብራኪዮፖድና የስካሎፕ (ባለ ሁለት ክዳን ሞለስክ) ዛጎሎች በብዛት ይገኙ ነበር፤ በሕይወት ያሉት ግን በቦታው አልነበሩም። የዛጎሎቹ ዕድሜ ሲለካ ለሺዎች ዓመታት የዘለቀ ሕዝብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደተንኮታኮተ ታወቀ። ተመራማሪዎቹ ተጠያቂ ያደረጉት ከብት የተሰማራበት ምድር አፈሩ ታጥቦ ወደ ባሕር መውረዱን ነው። ሕያዋንን ብቻ የቆጠረ ሰው ያን ወለል የሁልጊዜ ጭቃ አድርጎ በጻፈው ነበር። የተደበላለቀ ዘመን ዝርዝሩን ይደብቃል፣ ረጅሙን ታሪክ ግን ይይዛል። ስህተቱ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ነው።

ያልተገኘውን እንዳልነበረ መቁጠር

ዛጎሎች ሁሉ ከአንድ ነገር አልተሠሩም። አብዛኞቹ ብራኪዮፖዶች፣ ኦይስተሮችና ስካሎፖች ካልሳይት ይጠቀማሉ፤ ይህ ማዕድን ይጸናል። ብዙ ቀንድ አውጣዎችና ሌሎች ሞለስኮች የሚሠሩት ከአራጎናይት ነው፤ እሱ ደግሞ ገና በባሕሩ ወለል ደለል ውስጥ ሳለ ሊሟሟ ይችላል። ሟሟው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ «በብራኪዮፖድ የተሞላ ማኅበረሰብ» ይቀራል፤ በእርግጥ ግን ጎረቤቶቻቸው በሙሉ ተሰርዘዋል።

ይህ ጭፍን ግምት አይደለም። በስዊድን ጎትላንድ ደሴት የሲሉሪያን የኖራ ድንጋዮች ውስጥ፣ ዛጎሎቹ ከመሟሟታቸው በፊት ሲሊካ የተባለው ጠንካራ ማዕድን ቦታቸውን በያዘባቸው ጥቂት ስፍራዎች፣ ሞለስኮች ከሚጠበቀው በላይ በዝተው ተገኝተዋል። ሲሊካ ባልደረሰበት ድንጋይ ዱካቸው እንኳ በቅጡ አይታይም። እንግዲህ የማኅበረሰብ ዝርዝር ከማውጣት በፊት ዛጎሉ ጠፍቶ አሻራው ብቻ የቀረበትን ባዶ ቦታ መፈለግ ይገባል። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ለሰብሳቢ አያጓጓም፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥም አይደረደርም።

ሲቆጥሩ መቸኮል

ባጭሩ፦ ሁለት የተነጠሉ ክዳኖች ሁለት እንስሳት አይደሉም፤ አንድ ቀንድ አውጣ ግን አንድ ነው። ከሁለቱ የክዳን ዓይነቶች የበዛውን ቁጥር መውሰድ የተለመደ መፍትሔ ነው። የሚያምሩትን ብቻ ለቅሞ መሰብሰብም ትንንሾቹን ያጠፋል፤ የድንጋዩን አንድ ክፍል እንዳለ ወስዶ በወንፊት ማጣራት ይሻላል። ከአንዱ ቦታ 50፣ ከሌላው 500 ዛጎል ሰብስቦ «ሁለተኛው በዓይነት ይበልጣል» ማለት ደግሞ የድካምን ልዩነት የተፈጥሮ ልዩነት አድርጎ ማቅረብ ነው።

ማኅበረሰቡን እንደ ጥልቀት መለኪያ ገመድ መጠቀም

የዚግለር አምስት ቀበቶዎች ከጥልቀት ጋር ይሄዳሉ። ነገር ግን ብራኪዮፖድ ሜትር አይቆጥርም። የሚሰማው የማዕበሉ ጉልበት፣ የወለሉ ጭቃነት ወይም አሸዋነት፣ የውኃው ጥራት፣ የምግቡ መጠን ነው። እነዚህ በአንድ ባሕር ከጥልቀት ጋር አብረው ይለወጣሉ፣ በሌላው ባሕር ግን ይለያያሉ። በተለይ የጥንት አህጉሮችን ያለበሱ ሰፋፊ ባሕሮች በዛሬው ዓለም ተመጣጣኝ የላቸውም። የዛሬው የአህጉር ጠርዝ ባሕር በአማካይ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የጥንቶቹ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ አህጉር ውስጥ ይገቡ ነበር። በተከለለ ስፍራ የተረጋጋ ጭቃ ዳርቻው አጠገብም ሊገኝ ይችላል። ሊንጉላን ባየ ቁጥር «ዳርቻ» የሚል ሰው ካርታውን ጨርሶ ያበላሻል።

መጥፋትንና መሸሽን አለመለየት

ከገደል ግርጌ ወደ ላይ ስንወጣ ኢዮሴሊያ በአንድ ንብርብር ያበቃል እንበል። ዝርያው አለቀ? ባሕሩ እየጠለቀ ሲሄድ ዳርቻው ወደ ኋላ አፈግፍጎ ኢዮሴሊያም አብሮት ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወዲያ በተመሳሳይ ዘመን ድንጋይ ውስጥ በሰላም ይኖራል። በዚህ ረገድ ኢዮሴሊያ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። በዛጎሉ ላይ ያሉት ሸንተረሮች ዝርያው በዝርያ ሲተካ እየደከሙ ስለሄዱ የድንጋዩን ዕድሜ ለመገመት ያገለግላሉ። ብዛቱ ደግሞ ስለ አካባቢው ይናገራል። ሁለቱን ጥያቄዎች የሚመልሰው ያው አንድ ዛጎል ቢሆንም መልሱ የሚነበበው ከተለያየ ቦታ ነው፦ ዕድሜው ከሸንተረሩ፣ ሠፈሩ ከቁጥሩና አብረውት ከተገኙት። ቁጥሩ ቀነሰ ብሎ ዕድሜ የሚሰጥ ሰው፣ ከዳርቻው ርቆ የተቀመጠውንና በዘመን ዘግይቶ የመጣውን ድንጋይ በአንድ ረድፍ ያሰልፋቸዋል።