ኦክስጅን ለቤት ማሳዘዝ፦ ከእናቴ ጋር ደክመን ያወቅነው

እናቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በማገዶ እንጀራ ጋግራለች። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ሳንባዋን የጨረሰው የጓዳው ጭስ ነው። እዚህ ጎንደር የሰፈራችንን እናቶች ብትቆጥሩ እንደሷ ትንሽ ዳገት ወጥታ ቁና ቁና የምትተነፍስ አታጡም። ሌላው ደግሞ ድሮ የታከመው የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ትቶበት፣ ወይ አስሙ ለዓመታት በወጉ ሳይታከም ቀርቶ፣ ወይ በሲጋራ እዚያው ይደርሳል። ይህን የምጽፈው "ኦክስጅን ሳያስፈልጋት አይቀርም" ተብላችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኦክስጅን መድኃኒት ነው። መጠን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ማዘዣ አለው። እኛ ይህን ያወቅነው ከተሳሳትን በኋላ ነው። እናቴ ከአንድ ሆስፒታል ስትወጣ "ቤት ኦክስጅን ብታገኝ ጥሩ ነው" ተባልን። በቃል ብቻ። ስንት ሊትር፣ ለስንት ሰዓት የሚል ወረቀት የለም። ተሯሩጠን ሲሊንደር አመጣን። አንድ ሌሊት ትንፋሿ ሲያጥር እኔው ተነስቼ በደቂቃ 2 ሊትር ላይ የነበረውን 5 አደረስኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጠዋት "ራሴን ፈለጠኝ" አለች። ከዚያ ዓይኗ ይከደን ጀመር፤ ስንጠራት የምትመልሰው ሌላ ሆነ። ይዘናት ሮጥን። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ሳንባው ለረጅም ጊዜ የተጎዳ አንዳንድ ሰው ኦክስጅን ሲበዛበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በደንብ ማስወጣት ያቅተዋል፤ ደሙ ውስጥ ይከማችና ያደነዝዘዋል። ስለዚህ ማዘዣ ማዘዣ የምለው ለወረቀቱ ብዬ አይደለም።

ማዘዣውን የሚያስገኘው ቁጥሩ ነው

ትንፋሽ ማጠርና የኦክስጅን ማነስ አንድ አይደሉም። ይህ ብዙ ቤተሰብ ያስቆጣል፤ እኛንም አስቆጥቶናል። ሰውየው እያለከለከ ጣቱ ላይ ሲለካ የደሙ ኦክስጅን 94 በመቶ ሊሆን ይችላል። እሱን የሚረዳው የሚነፋውን መድኃኒት ማስተካከል፣ አነፋፉን ማረም፣ ከጭስ ማራቅ፣ ቀስ በቀስ እንቅስቃሴ ማልመድ ነው እንጂ ኦክስጅን አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ኦክስጅናቸው መጠነኛ ዝቅ ያለ ሰዎች ቤት ውስጥ ኦክስጅን በመውሰዳቸው ዕድሜያቸውም እንዳልረዘመ፣ ሆስፒታል መግባታቸውም እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ እያወራ 84 ይሆናል። ለሱ ኦክስጅን ዕድሜ ነው።

ሐኪሞች የሚከተሉት መስፈርት ይህ ነው፦ ሕመሙ በተረጋጋበት ጊዜ፣ አርፎ ተቀምጦ፣ ያለ ኦክስጅን ሲለካ 88 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን። ከእጅ አንጓ አርተሪ (ከልብ ደም የሚወስደው ሥር) በሚቀዳ ደም ከሆነ ደግሞ የኦክስጅኑ ግፊት 55 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በታች። (ይህኛው ምርመራ ከተለመደው ደም መቅዳት የበለጠ ያማል፤ ለታማሚው አስቀድማችሁ ንገሩት።) በደሙ ምርመራ ከ56 እስከ 59፣ ወይም በጣቱ 89 አካባቢ ከሆነም በር አይዘጋም፤ እግር ካበጠ፣ የልብ የቀኝ ክፍል ከደከመ፣ ወይም ደሙ ወፍሮ ሄማቶክሪት (የቀይ የደም ሴሎች ድርሻ) ከ55 በመቶ ካለፈ ይታዘዛል። አንድ ልኬት አይበቃም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት። ሕመም ተነስቶ ሆስፒታል በተኛ ሰው ላይ የሚታየው ቁጥርም ዘላቂ ላይሆን ይችላል፤ ሲያገግም ሊመለስ ይችላል።

አሁን የጎንደርን ነገር ልጨምር። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከቆላው ይሳሳል፤ ስለዚህ ጤነኛውም ሰው እዚህ ሲለካ ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ትንሽ ዝቅ ይላል። 94 ወይም 95 አይታችሁ አትደንግጡ።

ጣት ላይ የሚሰካውን መለኪያ፣ ኦክሲሜትሩን፣ ከፋርማሲ ግዙና ቤት ለኩ። ግን አለካኩ ላይ ተጠንቀቁ። እናቴ ክረምት ላይ እጇ በረዶ ይሆናል፤ መለኪያው 79 ይላል፣ ይጠፋል፣ 91 ይላል። እጇን ጋቢዋ ውስጥ አሙቃ፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ፣ እጇን ሳታንቀሳቅስ ስንለካ 87 ላይ ቀጥ ይላል። እሱን ነው የምንጽፈው። የጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላ የሌለበትን ጣት ምረጡ። ደግሞ ይህ መሣሪያ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቁጥሩ ድንበር ላይ ሆኖ ሰውየው ከከበደው የደሙ ምርመራ እንዲሠራ ጠይቁ።

ለሁለት ሳምንት በደብተር ያዙት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥሩ፣ ተቀምጣ ነው ወይስ ከመጸዳጃ ቤት ተመልሳ። ሐኪም ፊት አሥር ደቂቃ ነው የምታገኙት። ደብተሩ ከእናንተ ይልቅ ይናገራል።

ሐኪሙ ዘንድ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩና ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ሪፈር ሄዶ ከካርድ ክፍል መመለስ ለታማሚ ሰው ከባድ ነው። ለኦክስጅን ውሳኔ የውስጥ ደዌ ወይም የሳንባ ሐኪም ማየቱ ይሻላል። ለዚያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለላችሁ። የድሮ የደረት ራጅ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የቲቢ ሕክምና ካርድ፣ ሁሉንም የሚነፉ መድኃኒቶች በፌስታል ሰብስባችሁ ውሰዱ። ሐኪሙ ፊት አንዴ ንፉ በሏት። እናቴ ለሁለት ዓመት መድኃኒቱን ምላሷ ላይ ስትነፋው እንደኖረች ያወቅነው እዚያ ነው።

ከዚያ በግልጽ ጠይቁ፦ "ለቤት ኦክስጅን መስፈርቱን ታሟላለች ወይ?" ካላሟላች ምን እንደሚደረግላት ጠይቁ። የምታሟላ ከሆነ ስትራመድም ትለካ። የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራ የሚባል አለ፤ ተቀምጣ ደህና የሆነች ሰው ስትራመድ ልትወርድ ትችላለች።

ወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ እንዳትወጡ የምለምናችሁ ነገሮች አሉ። ተቀምጣ ስንት ሊትር በደቂቃ፣ ተኝታ ስንት፣ ስትራመድ ስንት። በቀን ስንት ሰዓት። ቁጥሩ ስንት ላይ እንዲቆይ ይፈለጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማችባቸዋል ተብሎ ለሚሰጋላቸው ብዙውን ጊዜ ከ88 እስከ 92 ነው። እሷ 98 እንድትሆን አይፈለግም፤ ዘመድ መጥቶ "ለምን አትጨምሩላትም?" ሲል ይህን ወረቀት አሳዩት። የድጋሚ ምርመራ ቀኑም ይጻፍ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በ1980 በአሜሪካ፣ በ1981 በብሪታንያ የወጡ ሁለት ጥናቶች ናቸው መሠረቱን የጣሉት። በደንብ ያነሰባቸው ሰዎች በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ሲወስዱ ዕድሜያቸው ይረዝማል። ሲጨንቃት ብቻ ለግማሽ ሰዓት መሰካት ይህን ጥቅም አይሰጥም። 15 ሰዓት ብዙ ይመስላል። ግን ማታ 2 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 1 ሰዓት ብትነሳ 11 ሰዓቱ አለቀ። የቀረው 4 ሰዓት ቁጭ ብላ ስትፈትል ወይም ስትጫወት ይሞላል። እናቴ መጀመሪያ በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት አልነካም ብላ ነበር። በአፍንጫ የሚገባ አየር ጾም እንደማይገድፍ የንስሐ አባቷ ሲነግሯት ነው እሺ ያለችው። እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ካለ ካህኑን ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ማሽን ወይስ ሲሊንደር?

ሒሳቡን ሥሩት። ትልቁ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በደቂቃ 2 ሊትር ከወሰደች 50 ሰዓት ነው። በቀን 15 ሰዓት ከሆነ ሦስት ቀን ከምናምን። ከዚያ ታክሲ ኮንትራት፣ መሙያ፣ ተሸካሚ። ለዘለቄታው አያዋጣም። ኮንሰንትሬተር የሚባለው ማሽን ከክፍሉ አየር ውስጥ ኦክስጅኑን ስለሚለይ አይሞላም፤ የሚፈልገው መብራት ነው። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጠው 350 ዋት አካባቢ ይወስዳል። በቀን 15 ሰዓት ሲሠራ በወር ወደ 160 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጣሪው ላይ ይጨምራል፤ አስቡበት።

መብራት እንደሚጠፋ ለጎንደር ሰው አልነግርም። ማሽን ያለው ሁሉ አንድ ትንሽ ሲሊንደር መጠባበቂያ ይኑረው። 10 ሊትሯ በ150 ባር ለ2 ሊትር ፍሰት 12 ሰዓት ያህል ትቆያለች። ስታቢላይዘርም ግዙ፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚወጣው ኃይል ማሽን ይገድላል።

ውጭ ያለ ዘመድ "እኔ እልካለሁ" ካለ፣ እግዜር ይስጥልኝ በሉና ሦስት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ይሁን። የአሜሪካው ብዙ ጊዜ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም፣ የማሽኑ ሞተርም እንደሚገባው አይዞርም። ሁለተኛ፣ መመሪያው ላይ የሚሠራበት ከፍታ ተጽፏል። አንዳንዱ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል፣ አንዳንዱ እስከዚያም አይደርስም። እኛ ያለንበትን ከፍታ አስታውሱት። ሦስተኛ፣ በትከሻ የምትያዘው ትንሿ ማሽን ብዙውን ጊዜ አየር ሲሳብ ብቻ ነው የምትሰጠው። ላይዋ ላይ "2" የሚል ቁጥር ስላለ በደቂቃ 2 ሊትር ሰጠች ማለት አይደለም። ሐኪሙ ሳያይ አትግዙ።

ማጣሪያዋን በየሳምንቱ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ አቧራችንን ታውቁታላችሁ። የእርጥበት ጠርሙስ ካላት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በየቀኑ ቀይሩ። ጠበሉን ትጠጣው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ግን አይግባ።

እሳት

ይህ ላይ ልለምናችሁ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ ግን የሚነደውን ሁሉ ያባብሳል። ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ቡና ይፈላለታል። የኛ ቤት ራከቦቱ አልጋዋ ሥር ነበር፣ ፍም ከሰል፣ ላዩ ላይ ዕጣን። አሁን ቡናው በረንዳ ላይ ነው የሚፈላው፣ እሷ ሳሎን ሆና ሲኒው ይመጣላታል። መጀመሪያ ከፋት፤ ቡና ከሰው ጋር ነው። በሩን ከፍተን እየተያየን እንጠጣለን። ጧፍ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ምድጃ፣ ሁሉም ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የዕጣኑ ጭስ ለሳንባዋም አይሆንም።

ቅቤም አለ። ፀጉሯን የተቀባችው ቅቤ ቀልጦ ጆሮዋ ላይ፣ ቱቦው ላይ ይወርዳል። ቅባትና ኦክስጅን አይስማሙም፤ ቫዝሊንም እንዲሁ። አፍንጫዋ ከደረቀ ፋርማሲ ውስጥ በውሃ የተሠራ ጄል ጠይቁ። የሲሊንደሩን ቁልፍ ቅቤ በነካ እጅ አትክፈቱ፤ ሬጉሌተሩንም (ግፊቱን የሚቀንሰውን መቆጣጠሪያ) ዘይት አትቀቡት። ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ግድግዳው ላይ ይታሰር።

ከንፈሯ ወይም ምላሷ ከጠቆረ፣ በታዘዘው ልክ እየወሰደች ቁጥሩ ከ85 በታች ከቀረ፣ ወይም እንደኛዋ ጠዋት ራስ ምታትና መፍዘዝ ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። እያመነታችሁ አትዋሉ።

መንገድም አለ። ደባርቅ ለቅሶ መድረስ ቢኖርባት ወደ 2,800 ሜትር እየወጣች ነው፤ ቁጥሩ ይወርዳል። መተማ ስትወርድ በተቃራኒው ይሻላታል። በአውሮፕላን ከሆነ ከቀናት በፊት ለአየር መንገዱ አሳውቁና የሐኪም ፎርም አስሞሉ፤ የራስን ሲሊንደር ይዞ መግባት አይቻልም።

ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣት ማዘዣ ከሆነ ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ተመልሳችሁ አስለኩ። አንዳንዱ ተሻሽሎ ያቆማል፤ ደስ የሚል ቀን ነው። እናቴ በድጋሚ ስትለካ 87 ነበረች። 2 ሊትር፣ በቀን 15 ሰዓት፣ ከ88 እስከ 92 ተብሎ ተጻፈልን። ወረቀቱን ቡፌው ላይ ለጥፈነዋል። ሌሊት ማሽኑን የሚነካ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ መጀመሪያ እሱን ያነባል።