የአሮጌ ኮሌጅ የድንጋይ ግድግዳ፦ ችግርና መፍትሄ

ድንጋዩ እየተላጠ፣ ሲሚንቶው ግን ደህና ሆኖ ከታየ

ጎንደር ውስጥ በኖራ የተገነባ አሮጌ የኮሌጅ ሕንፃ ካላችሁ በመጀመሪያ የመስኮቶቹን ዙሪያ ተመልከቱ። በሲሚንቶ የታደሰው ስቲላቱራ (በድንጋዮቹ መካከል ያለው ሙሊት) ጠንካራና ግራጫ ነው። አጠገቡ ያለው ለስላሳ ቀይ ድንጋይ ግን በጣት ሲነካ ይረግፋል፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። ጥፋቱ የድንጋዩ አይደለም። ግድግዳው በክረምት የጠጣው ውሃ ድሮ በኖራው በኩል ይተን ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ሲዘጋበት በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ይዞት የመጣው ጨውም ከፊቱ ሥር እየጠጠረ ይልጠዋል።

መፍትሄው ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ስለሚበላ እባካችሁ አታስገቡ። ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከገባችሁ በኋላ አቧራውን ጥረጉ፣ ግድግዳውን አርጥቡ፤ ከዚያ 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ የታጠበ አሸዋ አቡክታችሁ ሙሉት። ውሃ ውስጥ ቢያንስ 3 ወር የቆየ ኖራ ቢሆን ይመረጣል። ሙሊቱ ከድንጋዩ ፊት ትንሽ ገባ ይበል። ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ለቀናት እርጥብ ጆንያ ይሸፈንበት።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል ተብሎ ጥገናው ግንቦትና ሰኔ ላይ ሲጣደፍ ኖራው ሳይጠና ዝናቡ ይደርስበታል። ሥራው ከጥቅምት በኋላ ይጀመር፤ አስተዳደሩም ዕቅዱን በዚያው ልክ ይያዝ።

ከሥር የሚወጣ እርጥበት

ልስን ለማደስ አትቸኩሉ። አሸንዳው መሰበሩን፣ ከግድግዳው ሥር አፈር መከመሩን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ አካፋና አዲስ አሸንዳ ይበቃል።

ግድግዳ ላይ የበቀለ ሾላ

አትንቀሉት፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ቁረጡት፣ ሥሩ ሲደርቅ ክፍተቱን በኖራ ሙሉት።

ስንጥቅ

ስንጥቁን አሻግራችሁ ጄሶ ለጥፉበትና ቀኑን ጻፉበት። እስከ ቀጣዩ ክረምት ማብቂያ ካልተሰበረ ስንጥቁ የቆየ ነውና በኖራ ይሞላል። ከተሰበረ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ጥሩ። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት አንድ ድንጋይ ከመነካቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል።