«ባይ» (by) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት በትክክል እንጠቀማለን?

«ባይ» አማርኛ ተናጋሪን የምታስቸግረው እኛ «እስከ» ወይም «በ» ብለን የምናልፈውን እንግሊዝኛ በተለያዩ ቃላት ስለሚለየው ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት በቅድሚያ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ፈትኑት።

አማርኛው ላይ «እስከ» ካለ በቦታው «ቢዘገይ» የሚለውን አስገቡ። «ሪፖርቱን እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ» የሚለውን «ሪፖርቱን ቢዘገይ ዓርብ እጨርሳለሁ» ብትሉት ትርጉሙ አይፈርስም፤ እንግሊዝኛው «ባይ ፍራይደይ» ነው። «እስከ ዓርብ ሐዋሳ እቆያለሁ» ግን «ቢዘገይ»ን አይቀበልም። ቆይታው ሳይቋረጥ የሚቀጥል ነገር ስለሆነ «አንቲል ፍራይደይ» ይባላል። ለአለቃ «አይ ዊል ፊኒሽ ኢት አንቲል ፍራይደይ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ መጨረስ አንዴ የሚሆን ነገር እንጂ እስከ ዓርብ ሲካሄድ የሚሰነብት አይደለም።

አሉታ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እዚህ ሁለቱም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ናቸው፣ መልእክታቸው ግን ይለያያል። «አይ ዎንት ፊኒሽ አንቲል ፍራይደይ» ማለት «የምጨርሰው ዓርብ ነው፣ ከዚያ በፊት አይሆንም» ነው። «አይ ዎንት ፊኒሽ ባይ ፍራይደይ» ካላችሁ ግን ለዓርብም አይደርስም እያላችሁ ነው። አለቃችሁ የመጀመሪያውን ካነበበ ዓርብን ይጠብቃል፤ ሁለተኛውን ካነበበ ሌላ ቀን ቁረጡ ይላችኋል።

አማርኛው ላይ ያለው «በ» ከሆነ «ማን አደረገው?» ብላችሁ ጠይቁ። መስኮቱ በልጁ ከተሰበረ «ባይ ዘ ቦይ» ነው። ልጁ በያዘው ድንጋይ ከተሰበረ ድንጋዩ መሣሪያ ስለሆነ «ዊዝ ኤ ስቶን» ይሆናል። ድንጋዩ ራሱ ከዳገት ተንከባሎ ከሰበረው ግን «ባይ» ትመለሳለች። «በማንበብ»፣ «በመደወል» ለሚለው ዓይነት ደግሞ ግሱ «ኢንግ» መያዝ አለበት፦ «ባይ ሪዲንግ» እንጂ «ባይ ሪድ» አይባልም።

መጓጓዣ ላይ በ«ባይ» እና በተሽከርካሪው መካከል ምንም አታስገቡ፦ «ባይ ባስ»፣ «ባይ ታክሲ»። «በመኪናዬ» ለማለት «ባይ ማይ ካር» አይሆንም፤ «ኢን ማይ ካር» ነው። በእግር ከሆነም «ኦን ፉት» ይባላል።

«ባይ ዘ ዊንዶው» በመስኮቱ አጠገብ ማለት ነው። «ባይ ሃርት» (በቃል)፣ «ባይ ሚስቴክ» (በስህተት) እና «ባይ ማይሰልፍ» (ብቻዬን) እንዳሉ የሚጠኑ ናቸው።

ቁጥር ላይ ስትደርሱ ልዩነቱን ከድምሩ ለዩ። ከ10,000 ብር ወደ 12,000 ያደገ ደመወዝ የጨመረው «ባይ» 2,000 ነው፤ የደረሰው «ቱ» 12,000። በስህተት «ባይ» 12,000 ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው ደመወዙ 22,000 ብር ገብቷል ብሎ ይረዳል።