ተራራና ሸለቆ በአንድ ወረቀት

ውሃ ወደ ቁልቁል እንደሚፈስ የማያውቅ ተማሪ የለም። አስቸጋሪው በየት በየት ዞሮ እንደሚወርድና አንድ ተራራ ዝናቡን ለሁለት እንዴት እንደሚከፍለው ማሳየቱ ነው። መምህራንም ወላጆችም ይህን ሞክሩት።

ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት በደንብ ጨማድዱና ሙሉ በሙሉ ሳትዘረጉት ትሪ ላይ አስቀምጡ። ከፍ ከፍ ያለውን ጠርዝ ሁሉ በውሃ በሚለቅ ሰማያዊ ማርከር አስምሩበት። ከዚያ የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በሳስታችሁ ውሃውን እንደ ካፊያ እርጩበት። ቀለሙ ከጫፉ ተነስቶ በቀጫጭን መስመር ይወርዳል፣ መስመሮቹ እየተገናኙ ይወፍራሉ፣ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ሰማያዊ ኩሬ ይሠራል። ከመርጨታችሁ በፊት ግን ልጆቹ ኩሬው የት እንደሚሆን ገምተው በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ይህን አትዝለሉት፤ ዋናው ትምህርት ያለው እሱ ላይ ነው።

የሚሠራው ቀለሙ ከፍታው ላይ ብቻ ስላለ ነው። የመሬት ስበት ውሃውን ይበልጥ ቁልቁል በሆነው በኩል ሲጎትተው መንገዱን እየቀባ ይሄዳል። ከአንድ ጠርዝ ግራና ቀኝ የወረደው ሳይገናኝ ሲቀር እንጦጦን ጥቀሱላቸው፦ በሰሜን በኩል የዘነበው ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ በደቡብ የወረደው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። ዓባይ ሜዲትራኒያን ይደርሳል፤ አዋሽ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።

እስክሪብቶና የማይለቅ ማርከር አይሠሩም። ውሃ ወደ አፈር ስለመስረጉ ለማስተማርም አይሆንም፤ ለዚያ ሣር ያለበትና የሌለበት አፈር በሁለት ትሪ ዘንበል አድርጋችሁ አወዳድሩ።